ሕልም መሆኑን እያወቁ ማለም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ ሃል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰው ተኝቶ ሳለ ለተመራማሪ ምልክት ሰጠ። አላን ዎርስሊ ይባላል። እያለመ መሆኑን ሲያውቅ፣ ከተመራማሪው ከኪት ሃርን ጋር አስቀድሞ በተስማሙት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ አመላለሰ፤ የዓይን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያም መዘገበው። ስለዚህ ነገሩ ተረት አይደለም። ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሰናክላቸው አጀማመራቸው ነው።

ከሁሉም የከፋው እንቅልፍን መቀነስ ነው። አንዳንዱ በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለመነሳት አላርም ይሞላል። ቀኑን ሲያንጎላጅ ይውላል፤ ሕልሙም የለም። ደማቅ ሕልም የሚበዛው ዓይን ከሽፋኑ ሥር ቶሎ ቶሎ በሚንቀሳቀስበት፣ ሬም በሚባለው እንቅልፍ ነው። ይህ እንቅልፍ የሚረዝመው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ነው። አምስት ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው የሚያጣው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ጠግበው መተኛት ይልመዱ። ሙከራውን በማግስቱ ሥራ በማይገቡበት ሌሊት ያድርጉት፦ አምስት ሰዓት ያህል ተኝተው ይነሱ፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ፣ ተመልሰው ይተኙ። እባክዎ ስልክ አይንኩ።

ተመልሰው ሲተኙ «ቀጥሎ ሳልም፣ ማለሜን አስታውሳለሁ» ይበሉ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ስቲቨን ላበርዥ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ልብ ሌላ ቦታ ሆኖ በአፍ ብቻ መደጋገሙ ግን ዋጋ የለውም። ከልብ ያስቡት፤ የቅርቡን ሕልምዎን አስታውሰው፣ እዚያው ውስጥ ሲባንኑ ይታይዎት። አውስትራሊያ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የተመራማሪው ዴንሆልም አስፒ ጥናት፣ ይህን አድርገው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳቸው ሰዎች ወደ ግማሽ በሚጠጋው ሙከራቸው ተሳክቶላቸዋል።

ሕልምን አለመጻፍም ይጎዳል። እንደነቁ፣ ከአልጋ ሳይወርዱ ይጻፉ።

ከተሳካ በኋላ በደስታ መፈንጠዝ ያስነቃል። ረጋ ይበሉ፤ በሕልሙ ውስጥ እጅዎን ያፋትጉ።

ሲነቁ ሰውነትዎ አልንቀሳቀስ ቢል፣ ዱካክ ነው ብለው አይሸበሩ። በሬም ጊዜ ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ይህ ያጋጥማል። ብዙ ሳይቆይ ይለቃል።

የቲቤት ቡድሂስቶችን የሕልም ዮጋ፣ ማለትም እያለሙ ነቅቶ የመቆየት መንፈሳዊ ልምምድ፣ በሕልም ለመብረር ብቻ የሚፈልጉት አሉ። መብረሩ ደስ ይላል፣ አልቃወምም። ቡድሂስቶቹ ግን ልምምዱን የሚጀምሩት ቀን ላይ ነው፤ ነቅተው የሚያዩትንም እንደ ሕልም አላፊ አድርገው ይመለከታሉ። ቀኑን ትቶ ሌሊቱን ብቻ መያዝ የልምምዱን ሥር መቁረጥ ነው።

እውኑንና ሕልሙን መለየት የሚያስቸግር የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።