«ዕጢ አለብዎት» ሲባሉ ውጤትዎን እንዴት መረዳት ይችላሉ?

መጀመሪያ የቃሉን ትርጉም ይለዩ። በአማርኛ «ዕጢ» ሁለት ነገር ነው፦ ምራቅ ወይም ሆርሞን የሚያመነጨው፣ ሁላችንም ይዘነው የምንወለደው አካል፣ እንዲሁም ከሥርዓት ውጭ በተባዙ ሴሎች የሚፈጠረው እብጠት። «ነቀርሳ»ም ቲቢንም ካንሰርንም ሲጠራ ኖሯል። የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ከመጠየቅ አይፈሩ። ደግሞም እብጠት ሁሉ ዕጢ አይደለም፤ እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣው ንፍፊት አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉ ሲድን ይጠፋል። ጠንካራ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት ግን ስላላመመ ብቻ ችላ አይባልም።

ቀጥሎ ጠባዩን ይጠይቁ። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ በያዘው ቦታ ብቻ ያድጋል፤ ከቆዳ ሥር የሚገኘው የስብ ዕጢና የማሕፀን ማዮማ እንዲህ ናቸው። ካንሰር ግን አጠገቡ ያለውን ሥጋ ሰርስሮ ይገባል፣ በደምና ሊምፍ በሚባለው የሰውነት ፈሳሽ ተጉዞም ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት ላይ ይተከላል። ከጡት ተነሥቶ አጥንት የደረሰ ካንሰር ያው የጡት ካንሰር ነው፤ የሚታከመውም እንደዚያው ነው።

«ካንሰር አይደለም» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። ማዮማ ደም እያፈሰሰ ለደም ማነስ ሊዳርግ ይችላል። የራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥምና በውስጡ ያደገ ዕጢ፣ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ አንጎልን ይጫናል።

ከዚያ ናሙና ይስጡ። «ብረት ከነካው ይበተናል» የሚለው ወሬ ስንቱን ቤት አስቀምጦት ይሆን! የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ጥገና የተወሰደውን ናሙና የፓቶሎጂ ሐኪም በማይክሮስኮፕ ሳያየው፣ በመዳሰስ ብቻ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ መቁረጥ አይቻልም።

ውጤቱ ካንሰር ከሆነ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች በአማርኛ «ደረጃ» ይባላሉና። ግሬድ ሴሎቹ ከጤነኛው ሴል ምን ያህል እንደራቁ ይናገራል፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3። ስቴጅ በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ ይናገራል፣ እስከ 4 ይደርሳል። ግሬድ 3 የሆነ ካንሰር ገና ስቴጅ 1 ላይ ሊገኝ ይችላል። «3» የሚል ቁጥር አይተው ከመደንገጥዎ በፊት የየትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

በመጨረሻ የፓቶሎጂውን ወረቀት ቅጂ ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ሌላ ሐኪም ማማከር ቢፈልጉ አስቀድሞ የሚጠይቅዎት እርሱን ነው።