አሮጌ ፒክአፕ ለሚያድስ ጀማሪ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ግቢው ያስገባ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ሶማሌ ተራ ሄዶ ዕቃ በመግዛት ነው። መቅደም ያለበት ግን ምልክቱን መስማትና መንስኤውን በቀላል ሙከራ ማረጋገጥ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈው በተለይ 12 አር፣ 18 አር ወይም 22 አር የቤንዚን ሞተርና ካርቡራተር ላላቸው የድሮ ቶዮታ ሃይሉክሶች ነው። ሌላ ፒክአፕ ያላችሁም ብዙው ይሠራላችኋል።

አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ያዙ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ይህን ባለማወቅ ደህና ሞተር የሚያስፈቱ ሰዎች አሉ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል

ሁሉም ሰው ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ይጠረጥራል። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሰው ቁልፍ እንዲያዞር አድርጋችሁ ስትለኩት ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ባትሪው ደህና ከሆነ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ እንደገና ቁልፍ ይዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ችግሩ የማሳ ገመዱ (የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩና ከቦዲው ብረት ጋር የሚያገናኘው) ነው። ገመዱን ፍቱ፣ የሚያርፍበትን ብረት በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈትጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ። የፊት መብራት መፍዘዝና የፍሬቻ መዛባትም ብዙ ጊዜ እዚያው ማሳ ላይ ያልቃል።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም

ወይ ነዳጅ የለም፣ ወይ እሳት የለም። አንድ ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን) ፍቱና ከገመዱ ጋር ሞተሩ ብረት ላይ አስነክታችሁ አስዙሩ፤ ቤንዚን በአካባቢው እንዳይኖር። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካለ እሳቱ ደህና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ፑንቲናውን (የእሳት ማከፋፈያው ውስጥ ኤሌክትሪኩን እየከፈተ የሚዘጋውን) ተመልከቱ፤ ከተቃጠለ ቀይሩት፣ ክፍተቱን ወደ 0.45 ሚሊሜትር አስተካክሉ።

እሳቱ ካለ ወደ ነዳጁ ሂዱ። የቦቢናውን (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን) ገመድ ነቅላችሁ፣ ወደ ካርቡራተር የሚገባውን ጎማ ጠርሙስ ውስጥ ከታችሁ አስዙሩ። የሚወርደው ቡናማና ዝገት ያለበት ከሆነ ካርቡራተሩን ከማጠባችሁ በፊት ታንከሩን አውርዳችሁ እጠቡ። ታንከሩ ሳይጸዳ የታጠበ ካርቡራተር ወዲያው መልሶ ይደፈናል።

ዳገት አይወጣም፣ ጥቁር ያጨሳል

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ማቃሰት የዕድሜውና የከፍታው ድርሻ ነው፤ በሽታ አይደለም። ጥቁር ጭስ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው። ጭሱን በቀለሙ ለዩት። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። ለሰማያዊው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ቫልቮላ ይታያል። ለጥቁሩ ሞተር አይፈታም።

ካንዴላውን አውጥታችሁ ተመልከቱት። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጁ ከአየሩ በልጧል። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። የካርቡራተሩ ጅግለር (ነዳጁ ተመጥኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ወፍራም አየር ላለበት ቆላ ተሠርቶ ከሆነ እዚህ ሲመጣ ያው የነዳጅ መጠን ይበዛበታል። ቢሆንም በጅግለር አትጀምሩ። አየር ፊልትሮውን ቀይሩ። ክዳኑን አንስታችሁ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን አየር የሚቀንሰው) ክዳን ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ፤ በዝገት ግማሽ ላይ የተጣበቀ ቾክ በጣም የተለመደ ነው። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ውስጥ የነዳጁን መጠን የሚቆጣጠረውን የተንሳፋፊውን ከፍታ አስተካክሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሻለው ነው አነስ ያለ ጅግለር የሚገባለት። ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ጊዜ) ሁለት ሦስት ዲግሪ ማስቀደምም ይረዳል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ውስጥ ጠጠር እንደፈሰሰ ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ ግን መልሱት።

ውሃ ይፈላል

አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን እዚህ ትልቅ ሥራ አለው። ግፊት በደንብ የሚይዝ 0.9 ባር ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት ስለማይይዝ የሙቀት ጌጁ ገና ቀይ ሳይነካ ውሃው ይገነፍላል። መጀመሪያ የምትገዙት ይኼን ርካሽ ዕቃ ይሁን። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን በፍጹም አትክፈቱ።

ብዙ መካኒክ «ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ይቀዘቅዝልሃል» ይላል። አትስሙ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግድ ቫልቭ ነው። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር በዚህ ከተማ ብርድ ሙቀቱን አያገኝም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። ይልቅ ድስት ውስጥ ውሃ ጥዳችሁ ቴርሞስታቱን በገመድ አንጠልጥሉበት። 82 የተጻፈበት ውሃው ሳይፈላ በግልጽ መከፈት አለበት። 88 የተጻፈበት ግን ውሃው ሲፈላ ገና ትንሽ ነው የሚከፈተው፤ ውሃችን ከ92 ስለማያልፍ እዚህ ድስት ላይ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አታዩትም። «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ክዳኑና ቴርሞስታቱ ደህና ሆነው አሁንም ከፈላ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት። ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ስር ወተት መሳይ ነገር ካገኛችሁ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሳይሄድ አይቀርም። ጓርኒሲዮኑን ብቻ አትቀይሩ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ማለቱ ይለካ፤ የጎበጠ ቴስታታ ላይ የገባ አዲስ ጓርኒሲዮን አይቆይም።

ፍሬኑ ይሰምጣል

ይህ ሳይስተካከል መኪናው ከግቢ አይውጣ፤ የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ይቅርታ አያውቅም። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል፤ ከሩቁ ጎማ ጀምራችሁ አየሩን አስወጡ። እግራችሁን ጭናችሁ ስትቆዩ ቀስ እያለ ወደታች ከወረደና ውጭ ላይ የሚንጠባጠብ ከሌለ ማስተሩ (ፔዳሉ የሚገፋው ዋና የፍሬን ሲሊንደር) ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል። ወደ አንድ ጎን ከሳበ አንዱ የጎማ ሲሊንደር ተጣብቋል ወይም ሸራው ዘይት ነክቶታል። ለብዙ ጊዜ የቆመ መኪና ከሆነ ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች ሁሉ ቀይሩ። ዶት 3 የፍሬን ዘይት ብቻ ሙሉ፤ የሞተር ዘይት ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻል።

ቀለም ስር ያለ ዝገት

ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዲው ላይ አስኪዱ፤ የማይዝበት ቦታ በስቱኮ የተሞላ ነው። ሻንሲውን ደግሞ ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ። ደህና ብረት ይጮኻል፣ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ። ከብየዳው በፊት ባትሪው ይነቀል፣ ታንከሩ ይውረድ። ሥራውን ክረምት ሳይገባ ጨርሱት፤ ሰኔ ላይ ያለ ቀለም የቆመ ብረት ወዲያው ይዝጋል።

መፍጫ ከማንሳታችሁ በፊት ግን የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ ፈልጋችሁ አግኙ፣ ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፣ በቴፕ ሸፍኑት። ቁጥሩ ከተፋቀ የምትቸገሩት ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ነው።