የዓለም ዋንጫ ቴምብርን ከፖስታ ላይ ሳይቀደድ ማንሳት

መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ፖስታውን በደንብ ይዩት። ቴምብሩ የወጣበትን ዕለት የሚያሳይ ልዩ ማኅተም ካረፈበት ከነፖስታው ይቀመጥ፤ ከተቆረጠ ዋጋው ይወርዳል። ማኅተም ያልተመታበት፣ ጀርባው ላይ ሙጫው ያለ ቴምብርም ውሃ አይንካው።

ሌላውን ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ትተው ይቁረጡና ለብ ባለ ውሃ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያንሳፍፉት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ በራሱ ይንሸራተታል። እምቢ ካለ ይጠብቁ እንጂ አይጎትቱት፤ እርጥብ ወረቀት ቶሎ ይቀደዳል፣ መጀመሪያ የሚበጠሰውም የጠርዙ ጥርስ ነው። ቀይ ወይም ቡናማ ፖስታ ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው ይነከር። እንደ ስቲከር ከሚለጠፉት አዳዲሶች ብዙዎቹ በውሃ አይላቀቁም፤ ከነወረቀታቸው ከርክሞ መተው ይሻላል።

ጀርባው ሲነካ የሚያሟልጭ ከሆነ ሙጫ ቀርቶበታልና በንጹህ ውሃ ያለቅልቁት። ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ አንስተው ነጭ ወረቀት ላይ ፊቱን ወደ ታች ያድርቁት፤ ከዚያ ከባድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ቀን ይዋል።

አልበም ውስጥ ሲያስገቡ የተጨመረ ጽሑፍ እንዳለበት ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የእንግሊዝ 4 ፔኒ ቴምብር፣ አገሪቱ ዋንጫውን ካነሳች በኋላ «እንግሊዝ አሸናፊ» የሚል ታክሎበት ዳግም ወጥቷል፤ ሁለቱ እንደ አንድ አይቆጠሩም።