የአፊሊየት ገቢዬ የወረደበትን ምክንያት አገኘሁት

ባለፈው ወር የአፊሊየት ኮሚሽኔ፣ ማለትም ሰዎች በእኔ ሊንክ ገብተው ዕቃ ሲገዙ ከሻጩ የማገኘው ድርሻ፣ ድንገት አሽቆለቆለ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የክፍያ ቅነሳ ነበር። አማዞን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 የቤት ዕቃ ኮሚሽንን ከ8 ወደ 3 በመቶ ማውረዱን አልረሳሁትም። የእኔ መቶኛ ግን አልተነካም። ጎብኚም አልቀነሰም።

ግራ ሲገባኝ የራሴን ሊንክ በስልኬ ከፍቼ አድራሻውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ መኖር የነበረበት መለያ ኮዴ የለም! ሰው ይገዛል፣ ሽያጩ ግን በስሜ አይመዘገብም። ለካ ድረ ገጼን ወደ አዲስ ሰርቨር ሳዛውር፣ አጫጭር ሊንኮቼን ወደ ሻጩ ገጽ የሚያዞረው ትእዛዝ ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለውን እየቆረጠ ይጥለው ነበር።

ትእዛዙን አስተካከልኩ። ካሹንም (የቀድሞውን ቅጂ የሚይዘውን ጊዜያዊ ማከማቻ) አጸዳሁ፤ ካልጸዳ አሮጌው ማዞሪያ ይቀጥላል፣ እኔን ሁለት ሰዓት አድክሞኛል። ሊንኮቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ። በማግስቱ ክሊኮቹ መቆጠር ጀመሩ። ያመለጠኝ ሽያጭ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።