የካርቦን ታክስ ሂሳብ፣ በግቢያችን ቆጣሪ

አዳማ የምኖርበት ግቢ ለአራት ቤት አንድ የመብራት ቆጣሪ ነው ያለው። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ብሩን የምሰበስበው እኔ ነኝ። ካልጋሪ፣ ካናዳ ያለችው ታናሽ እህቴ እ.ኤ.አ. በ2024 ደውላ «እትዬ፣ ካርቦን ታክስ ጨረሰን» ስትለኝ ያስረዳኋት በዚሁ ቆጣሪ ነው። ካርቦን ታክስ ማለት እንደ ቤንዚንና ጋዝ ባሉ፣ ሲቃጠሉ ካርቦን በሚለቁ ነዳጆች ላይ ሰው እንዲቆጥብ የሚጣል ግብር ነው፤ የካናዳው ደግሞ ለቤተሰቦች ይመለስ ነበር።

በየኪሎዋት ሰዓቱ 2 ብር ጨምረን እንሰብስብ እንበል። አንደኛው ቤት 20 ቆጠረ፣ ሁለተኛው 40፣ እኔ 60 (በአዳማ ሙቀት ያለ ፋን አይታደርም)፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤቴ 200። ድምሩ 640 ብር ነው። ከዚህ ላይ አምስት ሳንቲም አልነካም፤ ለአራቱም ቤት እኩል 160፣ 160 እመልሳለሁ። አንደኛው 40 ከፍሎ 160 ወሰደ። እኔም 40 ብር ተረፈኝ። ጋጋሪዋ 240 ጎደለባት። ሰብሳቢው ለራሱ የሚያስቀረው የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«ከተመለሰልኝ ለምን እቆጥባለሁ?» አለችኝ። ፋኑን ቀንሼ 50 ብቆጥር የምከፍለው በ20 ብር ይቀንሳል። ድርሻዬ ግን ከ160 ወደ 155 ብቻ ነው የሚወርደው። ሚሊዮኖች ባሉበት አገር ደግሞ ያቺ 5 ብር እንኳ አትታይም።

አሁን ደብተር አውጡና ገጹን ለሁለት ክፈሉት።

በግራ የከፈላችሁትን ጻፉ። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ታክስ በቤንዚን ሊትር 17.61 የካናዳ ሳንቲም፣ በተፈጥሮ ጋዝ ሜትር ኩብ 15.25 ሳንቲም ነበር። እህቴ ደረሰኞቿን ስትደምር የዓመቱ ቤንዚን 2,000 ሊትር፣ የቤት ማሞቂያው ጋዝ 2,800 ሜትር ኩብ መጣ። 352 ዶላር ከ20 ሲደመር 427፣ 779 ዶላር ከ20።

በቀኝ የተመለሰላችሁን። እህቴ ባለችበት ክፍለ ሀገር በአልበርታ፣ እንደ እሷ አራት ሰው ላለበት ቤተሰብ በየሦስት ወሩ 450 ዶላር፣ በዓመት 1,800 ይገባ ነበር። እህቴ ባንክ ደብተሯ ላይ እያየችው ምን እንደሆነ አታውቅም!

ቶሎ ግን አትደሰቱ። ጋጋሪዋ የጎደለባትን 240 ብር እንጀራው ላይ ትጨምረዋለች። ቲማቲም የሚያመጣው መኪናም እንደዚያው። ሰው ሁሉ የሚረሳት መስመር ይቺ ናት፤ በግምትም ቢሆን በግራ በኩል ጻፏት። እህቴ ከስራለች ለማለት ይቺ መስመር ብቻዋን ከ1,020 ዶላር ማለፍ አለባት። ሰፊ ቤት የሚያሞቅና ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ግን በቀላሉ ሊከስር ይችላል።

ገንዘቡ በምን መልክ እንደሚመለስም ጠይቁ። ሌላዋ የካናዳ ክፍለ ሀገር ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የራሷን ካርቦን ታክስ እ.ኤ.አ. በ2008 ስትጀምር የመለሰችው በዋናነት የገቢ ግብር በመቀነስ ነበር። ስዊዘርላንድ ለነዋሪው የምትመልሰውን ከጤና መድን ክፍያው ላይ ታወራርዳለች። እኔ ጥሬ ብሩን እመርጣለሁ። የተቀነሰ ግብር ማን ልብ ይለዋል?

ካናዳ በኤፕሪል 1 ቀን 2025 ይህን ታክስ ከቤንዚኑም ከማሞቂያውም አነሳችው። የመጨረሻው ተመላሽ እዚያው ኤፕሪል ላይ ገባ። ቤንዚን ሲረክስ እህቴ እልል አለች። ጁላይ ላይ ደወለች።

«እትዬ፣ ያ 450 ዶላር አልገባም እኮ።»

«ደብተሩን አምጪው» አልኳት።