ገመድና ዋይፋይን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አብሮ ማሠራት እንዴት ይቻላል?

ገመዱን ሰክቶ፣ ዋይፋዩንም ከፍቶ «አሁን ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል» ብሎ የሚጠብቅ ብዙ ነው። አይሆንም። በተለይ ሁለቱም ከአንድ ራውተር የሚመጡ ከሆነ ልፋት ብቻ ነው፤ ከራውተሩ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ያው አንድ ነውና። የሚጠቅመው ሁለት የተለያየ ኢንተርኔት ሲኖራችሁ ነው፤ ለምሳሌ የቤቱ በገመድ፣ የስልክ ሆትስፖት በዋይፋይ።

በዊንዶውስ እንሂድ። መጀመሪያ ሁለቱንም አገናኙ። አንዳንድ ላፕቶፕ ገመድ ሲሰካበት ዋይፋዩን ራሱ ያጠፋል። እንዲህ ካደረገ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ቅንብር) ውስጥ ይህን የሚያዘውን ምርጫ ፈልጋችሁ አጥፉት።

ቀጥሎ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስመር ሜትሪክ የሚባል ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል። ካልነካችሁት አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ያሸንፋል፤ ችግሩ ዊንዶውስ የሚያየው እስከ ራውተሩ ያለውን ፍጥነት እንጂ ከራውተሩ ጀርባ ያለውን ኢንተርኔት ስላልሆነ፣ የሚንቀራፈፈውን መስመር አስቀድሞ ፈጣኑን ሆትስፖት ሥራ ፈት ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ቁጥሩን ራሳችሁ ስጡ። ከኮንትሮል ፓነል ወደ ኔትወርክ ኤንድ ሼሪንግ ሴንተር ግቡ፣ በግራ በኩል ቼንጅ አዳፕተር ሴቲንግስን ጫኑ። ኢተርኔት (ገመዱ ማለት ነው) ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ። ከዝርዝሩ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል ቨርዥን 4ን መርጣችሁ እንደገና ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ። ከታች አውቶማቲክ ሜትሪክ የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ዋይፋዩ ላይም እንዲሁ አድርጉና እንዲቀድም የምትፈልጉት ላይ 10፣ ሌላው ላይ 50 ጻፉ። ቨርዥን 6 ላይም ያንኑ ድገሙ፤ ብዙ ሰው እሱን ይዘለውና «አልሠራም» ይላል።

ኢተርኔትና ዋይፋይ የተዘረዘሩበት መስኮት ላይ ሁለቱን መርጦ ብሪጅ ማድረግም ይቻላል። ተዉት። ብሪጅ ሌላ ዕቃ በእናንተ ኮምፒውተር በኩል ኔትወርክ እንዲያገኝ ነው የተሠራው፣ ፍጥነት ለመደመር አይደለም።

ገመዱ የሚሄደው ወደ ፕሪንተር ወይም ወደ ሌላ ኮምፒውተር ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ቀላል ነው። በዚያው በኢተርኔት ቨርዥን 4 ፕሮፐርቲስ ውስጥ ለገመዱ አድራሻ በእጅ ስጡት፤ 192.168.50.1፣ ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0። በወዲያኛው ጫፍ ላለው ደግሞ 192.168.50.2። ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው አድራሻ) የሚለውን ባዶ ተዉት፣ ኢንተርኔቱ በዋይፋይ ይሄዳል። ዋይፋዩ በ192.168.50 የሚጀምር አድራሻ ካለው ለገመዱ ሌላ ቁጥር ምረጡ፣ አለዚያ ይምታታሉ።

አሁን ሞክሩት። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ኢተርኔትና ዋይፋይ ለየብቻ ግራፍ አላቸው። ቪዲዮ አጫውቱና የትኛው እንደሚንቀሳቀስ እዩ። ያስቀደማችሁት ገመዱን ከሆነ ንቀሉት፤ የዋይፋዩ ግራፍ ሽቅብ ከወጣ ተሳክቷል። የቪዲዮ ጥሪ ላይ ከሆናችሁ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጣል፣ አድራሻው ስለሚቀየር ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ራውተሩ በርቶ ኢንተርኔቱ ብቻ ከጠፋ ዊንዶውስ ሁልጊዜ በራሱ አይዛወርም። ያኔ ገመዱን በእጅ መንቀል ነው።