ተሳቢ የሚጎትት መኪና ሲያስቸግር፦ ጥፋቱ የዲፈረንሻሉ ነው ወይስ የሌላ?

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚመጣ መኪና ሙሉ ጭነቱን ይዞ የሚጓዘው በአቀበት ነው። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲቀጥል የፎገራ ሜዳ ይመጣል፤ ጉዞው እስከ አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። በዚህ ሁሉ መንገድ ተሳቢ የሚጎትት ሰው መኪናው ባስቸገረው ቁጥር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ዲፈረንሻሉን ቀይረው» ይሉታል። ምክሩ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙ ባለመኪናዎች ግን ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ ችግሩን እዚያው ያገኙታል። ስለዚህ ከምልክቱ ተነሥተን ምክንያቱን እንፈልግ።

ዲፈረንሻል በኋላ አክስሉ መሐል ሆኖ ከሞተሩ የመጣውን ዙር ለጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ባለጥርስ ክፍል ነው። የዲፈረንሻል ሬሾ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ካርዳኑ (ከማርሽ ሳጥኑ መጥቶ ዲፈረንሻሉን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ) ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት የሚናገር ቁጥር ነው። 4.8 ከሆነ ካርዳኑ 4.8 ጊዜ ይዞራል። ቁጥሩ ሲጨምር መኪናው በየማርሹ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የመጎተት ጉልበቱ ይበረታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ተቃራኒው ይሆናል። ዲፈረንሻል ለሞተሩ አንድ የፈረስ ጉልበት እንኳ እንደማይጨምር ግን ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

በአካባቢያችን በብዛት የሚታየውን ሲኖትራክ 371 እንውሰድ። በኋላ አክስሉ ላይ ከሚገኙት ሬሾዎች ዋና ዋናዎቹ 4.42፣ 4.8 እና 5.73 ናቸው። አሥር ማርሽ ባለው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ እያንዳንዱ ማርሽ ከቀጣዩ በ1.34 እጥፍ ገደማ ይለያል። 5.73 ለ4.42 ሲካፈል ደግሞ 1.30 ይመጣል። በሁለቱ ዲፈረንሻሎች መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ የአንድ ማርሽ ያህል ነው። በ5.73 በስድስተኛ ማርሽ የሚወጡትን ዳገት በ4.42 በአምስተኛ ይወጡታል፤ ፍጥነቱም ያው ነው። መኪናና ተሳቢው ከነጭነቱ 50 ቶን ቢመዝን፣ ዳገቱም በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወጣ ቢሆን፣ 371 የፈረስ ጉልበት በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አያስበልጥም። ይህንን የሚወስነው ሞተሩና ክብደቱ ነው። ሬሾ በእርግጥ የሚለውጠው ሁለቱን ጫፎች ነው፦ መኪናው የሚነሣበትን የመጀመሪያ ማርሽና በሜዳ የሚሮጥበትን የመጨረሻ ማርሽ።

መጀመሪያ ያለዎትን ሬሾ ይወቁ

ሻጩ የነገረዎትን አይመኑ፤ መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አክስሉ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በአክስሉ ቤት ላይ ከጭቃና ከግራሶ ሥር ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ በናፍጣ አጥበው ያንብቧት። ከሌለች በመንገድ ላይ ማስላት ይቻላል። በ12.00አር20 ጎማ አንድ ዙር 3.4 ሜትር ገደማ ነው። በሜዳ ላይ፣ ካምቢዮው አንድ ለአንድ በሚያስተላልፍበት ማርሽ (በሲኖትራኩ አሥረኛው ነው) ፍጥነቱን ሳይለዋውጡ ይንዱ፤ የሞተሩን ዙር በደቂቃ በፍጥነቱ (በሰዓት ኪሎ ሜትር) አካፍለው በ0.204 ያባዙ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ዙሩ 1,400 ከሆነ ውጤቱ 4.76 ነው፤ ዲፈረንሻልዎ 4.8 ነው ማለት ነው። ፍጥነቱን ከዳሽቦርዱ ሳይሆን ከስልክ ጂፒኤስ ይውሰዱት።

ዲፈረንሻሉ ተፈትቶ ከሆነ የኮሮናውን (የትልቁን ባለጥርስ ክብ) ጥርስ ለፒኞኑ (እሱን ለሚያዞረው ለትንሹ) ጥርስ ማካፈል ነው፤ 37 ለ9 ሲካፈል 4.11 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ብዙዎቹ ከባድ ገልባጮች በጎማው ሞዞ (ጎማው በሚታሰርበት እምብርት) ውስጥ ሌላ ማርሽ አላቸው። እነዚህ ላይ የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ብቻ ቆጥሮ የተገኘው ቁጥር ከሙሉው ሬሾ በጣም ያነሰ ነው፤ በሞዞው ሬሾ መባዛት አለበት። ይህ ተዘንግቶ ዕቃ ከተገዛ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ምልክት፦ በሜዳ ሞተሩ ይጮኻል፣ ናፍጣ ይበላል፣ መኪናው ግን አይሮጥም

እዚህ ላይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሬሾው ነው። ለድንጋይና ለአሸዋ የተሠራ ባለ5.73 ገልባጭ ሳጥኑ ተነሥቶለት፣ ተሳቢ ተቀጥሎለት ረጅም መንገድ ሲገባ የሚታይ ነው። ከላይ በጠቀስነው ጎማ በመጨረሻው ማርሽ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ሞተሩ በ4.42 ወደ 1,300፣ በ4.8 ወደ 1,410፣ በ5.73 ወደ 1,685 ዙር በደቂቃ ይዞራል። 80 ላይ ደግሞ 1,730፣ 1,880 እና 2,250 ገደማ ይሆናል። የዚህ ሞተር ከፍተኛ የመጠምዘዝ ጉልበት ከ1,100 እስከ 1,600 ዙር ውስጥ ነው፤ ከፍተኛ ኃይሉን የሚሰጠው በ2,200 ነው። በ5.73 በ80 መንዳት እንግዲህ ሞተሩን ከልኩ በላይ ማስጮኽ ነው።

መፍትሔው ቁጥሩ ያነሰ ዲፈረንሻል ነው። የትኛው? በጎንደር፣ መተማና ባሕር ዳር መካከል ተሳቢ ለሚጎትት ሰው እኔ 4.8ን እመርጣለሁ። በዚህ መንገድ ጭነት ይዞ ከ60 እና ከ70 በላይ የሚሮጥበት ቦታ ጥቂት ነው፤ 4.8 ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 50 ሲወርድም ሞተሩን ከጉልበቱ ክልል ሳያስወጣ በመጨረሻው ማርሽ ያቆየዋል። አዘውትሮ አዲስ አበባና ከዚያም አልፎ የሚሄድ ከሆነ 4.42 በናፍጣ ይክሳል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በግንባታ ቦታ የሚውል፣ ተሳቢ አልፎ አልፎ ብቻ የሚጎትት ከሆነ ግን 5.73ን አይንኩት።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ ሾፌሩ የመጨረሻውን ማርሽ በሜዳ እንኳ አያስገባም፣ ካስገባም ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ለፈጣን አውራ ጎዳና የተመረጠ እንደ 3.7 ያለ ሬሾ በ60 ላይ ሞተሩን ወደ 1,090 ዙር ያወርደዋል፤ ይህ ከጉልበቱ ክልል በታች ነው። እዚህም ሬሾውን ማሳደግ ተገቢ ነው።

ምልክት፦ ዳገት አይወጣም

«4.42ን በ5.73 ብቀይረው ይወጣል?» የሚል ባለመኪና መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ይይ። በበጋ በአቧራ መንገድ የሚመላለስ መኪና ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። ከዚያ ከቱርቦ የሚወጣውን ጎማ ቱቦ በእጅ መዳሰስ ነው፤ ስንጥቅ ካለው ዙሪያው በዘይት ይርሳል፣ ሞተሩ ሲጫንም ያፏጫል። የናፍጣ ማጣሪያውና የተሳቢው ፍሬን ይከተላሉ፤ ፍሬኑ ያልለቀቀ ተሳቢ ሞዞው ከሌሎቹ በተለየ ይግላል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በጎንደር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው የቆየ ሞተርም በዚያው መጠን ይደክማል። ባለቱርቦው የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው።

ሁሉ ደህና ሆኖ ሞተሩ በአንድ ማርሽ እስከ ጥግ ከጮኸ በኋላ በቀጣዩ ሲገባ ከታፈነ፣ በማርሾቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። ይህ በተለይ አምስትና ስድስት ማርሽ ባላቸው መካከለኛ መኪናዎች ይታያል። እዚያ ላይ የዲፈረንሻል ምርጫ ከአሥር ማርሹ ይልቅ ክብደት አለው፤ ዘወትር የሚወጡት ዳገት በሁለት ማርሾች መካከል የሚወድቅ ከሆነ ቁጥሩን በትንሹ ከፍ ማድረግ ይረዳል።

ምልክት፦ ፍሪሲዮን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል

ሾፌሩ ጭነት ይዞ በስንተኛ ማርሽ እንደሚነሣ ይመልከቱ። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ የሚነሣ ከሆነ የትኛውም ሬሾ ፍሪሲዮኑን አያድነውም። አሥር ማርሽ ባለው ካምቢዮ አንደኛው 14.28 ነው፤ በ4.42 ሲባዛ ከ63 በላይ ይሆናል። ይህ 50 ቶንን በከባድ ዳገት ላይ ለማስነሣት በቂ ነው። በአንደኛ እየተነሣም የሚቃጠል ከሆነ የፍሪሲዮኑን ማስተካከያ ያስፈትሹ።

ምልክት፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል፣ ይጨሳል

ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሁሉ ይህን በጥብቅ ይያዝ። መኪናውን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው፤ የጭስ ፍሬንም (የሞተሩን ጭስ መውጫ አፍኖ መኪናውን የሚይዘው) በደንብ የሚሠራው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ፍጥነት ከያዘ በኋላ ማርሹ አልገባም ሊል ይችላል፣ ያኔ መኪናው በነፃ ይወርዳል። ከ5.73 ወደ 4.42 የቀየረ ሰው ቀድሞ በሚወርድበት ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ የሚይዘው ያነሰ ነው፤ አንድ ማርሽ ቀንሶ ይግባ። ለውጡ በተደረገ ማግስት መኪናውን ለሚይዘው ሾፌር ይህን ሳይነግሩ ቁልፍ አይስጡት።

ምልክት፦ ከተቀየረ በኋላ ያለቅሳል፣ ይግላል

ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው የተፋቁ ጥንዶች ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። የኮሮናውን ሦስት አራት ጥርስ ቀለም ቀብተው በእጅ ያዙሩት። ፒኞኑ ቀለሙን የገፋበት ቦታ በጥርሱ መሐል ላይ ከታየ ልክ ነው፤ ወደ ጥርሱ ጫፍ ወይም ወደ ሥሩ ከሸሸ ከፒኞኑ ኩሽኔታ ጋር የሚገባው ስስ ቀለበት ውፍረቱ መለወጥ አለበት። ይህን ሳያሳይዎት «ጨርሻለሁ» የሚል መካኒክ ሥራውን አልጨረሰም። ዘይቱ ጂኤል-5 የሚባለው የዲፈረንሻል ዘይት ደረጃ ይሁን፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ያለ ተሳቢ ይንዱና ዘይቱን ይቀይሩ።

ሁለት የሚጎትቱ የኋላ አክስሎች ካሉ የሁለቱም ሬሾ አንድ መሆኑ ግዴታ ነው። ከወደቀ መኪና አንድ አክስል ገዝቶ ከነባሩ ጋር ያዋሐደ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ሲዞር ውሎ ይነድበታል፤ መቆለፊያውን አስገብቶ በአስፋልት ከነዳው ደግሞ ጎማ ይበላል፣ ዘንግ ይሰበራል።

የፍጥነት መቁጠሪያውም ከካምቢዮው የሚነበብ ከሆነ ከለውጡ በኋላ ይዋሻል። ከ5.73 ወደ 4.42 በተቀየረ መኪና ዳሽቦርዱ 60 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 78 ገደማ ነው። ጎማ ከ12.00አር20 ወደ 315/80አር22.5 ሲቀየርም 4 በመቶ ያህል ልዩነት ይመጣል፤ በዚህኛው ግን መቁጠሪያው የሚያሳየው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ነው። መኪናው ከጋራዥ ሳይወጣ መቁጠሪያው እንዲስተካከል ያድርጉ፤ እስኪስተካከል ድረስ ሾፌሩ በጂፒኤስ ይንዳ።